ብሩም ውኃውም ሰዓቱም ሲያጥር እንዴት ይመረጣል? ከድሬዳዋ የተጻፈ መመሪያ

ይህ መመሪያ ደመወዙ ወር ሳይሞላ ለሚያልቅበት ሰው ነው። ትንሽ ንግድ ጀምሮ ትርፉ የት እንደሚገባ ግራ ለገባውም ይሆናል። የሚያስፈልጋችሁ አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶና አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ስልክ ላይ መጻፍም ይቻላል። እኔ ግን ደብተር እመርጣለሁ፤ ደብተሩን የቤቱ ሰው ሁሉ ገልጦ ያየዋል።

የኢኮኖሚክስ መነሻ ቀላል ነው። የምንፈልገው ብዙ ነው፣ ያለን ግን ልክ አለው። እንግሊዛዊው ሊዮኔል ሮቢንስ እ.ኤ.አ. በ1932 ትምህርቱን ሲተረጉም፣ ፍላጎቱ ብዙ የሆነ ሰው ሌላም ሥራ ሊሠራበት የሚችል ውስን ነገርን እንዴት እንደሚጠቀምበት የሚያጠና ነው ብሏል። "ሌላም ሥራ ሊሠራበት የሚችል" የምትለዋን ያዙልኝ። በእጃችሁ ያለው ብር ሌላም ነገር ይገዛል። ውኃው ሌላም ነገር ያጥባል። ከሰዓት በኋላችሁም ሌላ ሥራ ይሠራበታል። ስለዚህ አንዱን በያዛችሁ ቁጥር ሌላውን ትለቃላችሁ። አብዛኞቻችን የያዝነውን እንቆጥራለን፤ የለቀቅነውን ግን አንጽፍም። ቤትም ንግድም የሚጎዳው እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ በታች የማነሳቸው የሳምቡሳና የውኃ ሒሳቦች ለማስረዳት የተመረጡ ቁጥሮች ናቸው። እናንተ በራሳችሁ ዋጋ ተኩ።

ደረጃ 1፦ በእጃችሁ ያለውን ሁሉ ጻፉ

ደብተሩን ስትከፍቱ ብር ብቻ አትጻፉ። ሰዓት ጻፉ። ቦታና ዕቃ ጻፉ፦ በረንዳ፣ ፍሪጅ፣ ሮቶ፣ ምድጃ። የቤቱ ሰው የሚያውቀውን ሙያም ጻፉ። የትምህርት ቤት መጻሕፍት እነዚህን መሬት፣ ጉልበት፣ ካፒታልና ሥራ ፈጣሪነት ብለው በአራት ይከፍሏቸዋል። በእኛ ቤት ደብተር ላይ አከፋፈሉ ብዙ አያስጨንቅም፤ ዋናው ነገር አለመርሳት ነው።

ሰዓቱ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ድሬ ላይ የቀኑ ሰዓት ሁሉ እኩል አይደለም። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐዩ ሰው አያሠራም። ብዙ ሱቅ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ባጃጁ ራሱ ጥላ ፈልጎ ይቆማል። "በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት አለኝ" የሚል ሰው ሦስቱን ከወዲሁ ይቀንስ። የጠዋቱን ሰዓት ለብቻ፣ የማታውን ለብቻ ጻፉት፤ የሚሠራባቸው ሥራም የሚያመጡት ገንዘብም ይለያያል።

ደረጃ 2፦ ውስንነትንና እጥረትን ለዩ

ውስንነት ሁሌም አለ። ባለጠጋም ቢሆን በቀን ያለው ሃያ አራት ሰዓት ነው። እጥረት ግን ሌላ ነው። በአንድ በተወሰነ ዋጋ ፈላጊው ብዙ፣ የቀረበው ትንሽ ሲሆን የሚመጣ ነው።

ስኳርን እዩት። በሸማቾች ማኅበር በተተመነ ዋጋ ሲመጣ ሰልፉ ጥግ ይዞራል። ውጭ ሱቅ ውስጥ ደግሞ ሰልፍ የለም፣ ዋጋው ግን ሌላ ነው። ማኅበሩ ጋ ርካሽ ነው የሚባለው በብር ብቻ ሲቆጠር ነው። ሦስት ሰዓት ከቆማችሁ የስኳሩን ዋጋ ግማሹን በብር፣ ግማሹን በጠዋት ሰዓት ከፍላችኋል። ለጡረተኛ ያ ሰዓት ብዙ ላያስከፍል ይችላል። ጠዋት ከፊራ ገበያ ቁርስ ለምትሸጥ ሴት ግን ሦስቱ ሰዓት የቀኑ ገቢዋ ነው። ለአንዱ የሚያዋጣው ሰልፍ ለሌላው ኪሳራ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከቤታችሁ ማን ይሰለፍ የሚለውን ስትወስኑ የማን ሰዓት ርካሽ እንደሆነ ጠይቁ።

ደብተራችሁ ላይ ሁለቱን ለዩ። ሰልፍ፣ መጥፋት ወይም ወረፋ ያለበትን "እጥረት" በሉት፤ ይህ ዋጋ ሲለወጥ ወይም ዕቃው ሲገባ ሊያልፍ ይችላል። የቀረው ሁሉ ውስንነት ነው፤ እሱ አያልፍም፣ ይመረጥበታል እንጂ።

ደረጃ 3፦ ከእያንዳንዱ ወጪ ጎን የተዋችሁትን ጻፉ

የዚህ መመሪያ ልብ እዚህ ነው፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ገጹን ለሁለት ክፈሉት። በግራ ያደረጋችሁትን ጻፉ። በቀኝ፣ ያንን ባታደርጉ ኖሮ ልታደርጉት ትችሉ የነበረውን ጻፉ፤ ሁሉንም ሳይሆን ከቀሩት ውስጥ የተሻለውን አንዱን ብቻ። ኢኮኖሚስቶች የተተወ አማራጭ ዋጋ የሚሉት ይህንን ነው።

አንዲት ሴት በረመዳን ማታ ማታ ሳምቡሳ ትሸጣለች እንበል። ዱቄቱ፣ ዘይቱ፣ ምስሩ፣ ሽንኩርቱ፣ ቃሪያውና ከሰሉ 900 ብር ወጣባቸው። 100 ሳምቡሳ በ15 ብር ሸጠች፤ 1,500 ብር ገባ። ትርፉ 600 ብር ነው፣ ደስ ይላል። አሁን የቀኙን ገጽ እንሙላ። በእነዚያው ሰዓታት ዘመዷ ሱቅ ውስጥ ብትቆም 250 ብር ይከፍሏት ነበር። የምትጠብስበትን በረንዳ ደግሞ አንድ ልብስ ሻጭ በቀን 50 ብር ልከራይ ብሏት ነበር። ሁለቱ ሲደመሩ 300 ብር። ስለዚህ ሳምቡሳው ከተወችው ነገር በላይ ያመጣላት 300 ብር ነው። አሁንም አዋጭ ነው፣ ትቀጥል። ግን ሱቁ የሚከፍላት 700 ብር ቢሆን ኖሮ? ያኔ 600 ብር "እያተረፈች" በየቀኑ 150 ብር እያጣች ነበር። ኪሷ ውስጥ ብር ስለሚገባ ኪሳራው አይታያትም። ከተማችን ውስጥ ስንት ትጉህ ሰው በዚህ ዓይነት እየለፋ ባለበት እንደሚረግጥ ሳስብ ያሳዝነኛል።

ከተማችንም የተቆረቆረችው በእንዲህ ያለ ሒሳብ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲደርስ ነበር። ሐረር ግን ከባሕር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ ተራራ ላይ ናት። ድሬዳዋ ያለችበት ሜዳ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ነው። ያንን ዳገት ሐዲድ ማስወጣት የሚበላው ገንዘብ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን መስመር ይነካል። ስለዚህ ሐረር ተተወችና እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ከተራራው ግርጌ ቆመ። ቦታው በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብሎ ነበር። መስመሩ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። የድሬዳዋን ጣቢያ ዋጋ በብረትና በእንጨት ብቻ የሚያሰላ ሰው፣ የዘመናት የንግድ ከተማ የነበረችው ሐረር በባቡር ሳትደረስ መቅረቷን ረስቷል።

ገበሬውም እንዲሁ ያሰላል። በሐረርጌ ደጋ ብዙ አርሶ አደር ቡና ወይም ማሽላ የነበረበትን መሬት ጫት አድርጎታል። የሚወቅሰው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ያው ማሳ ላይ ቡና ቢያቆይ የሚተወውን የጫት ገቢ በቀኝ ገጹ ጽፎ ነው የወሰነው። ቡናው እንዲመለስ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ያንን ቁጥር ማየት አለበት።

የቀኙ ገጽ ላይ የማይቀር አንድ ነገር ልጨምር፦ አደጋ። ርካሽ ኪራይ ስታገኙ ለምን ረከሰ ብላችሁ ጠይቁ። ከተማችንን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ዳር ዳሩ ያለ ቦታ ለመሥራት ይመቻል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ግን ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ከወንዝ ዳር ራቅ ብሎ የሚከራይ ቤት በወር ጥቂት መቶ ብር ቢጨምር ልዩነቱ የምን ዋጋ እንደሆነ የድሬ ሰው ያውቀዋል።

ደረጃ 4፦ ሁሉን ወይም ምንም አትበሉ፤ መሐሉን ሞክሩ

ያችው ሴት ቦምቦሊኖም መሥራት ትችላለች እንበል። ዱቄቱ፣ ዘይቱና የሰው ጉልበቱ ያው ነው። ሁሉንም ለሳምቡሳ ብታውለው 100 ሳምቡሳ ይወጣል። ሁሉንም ለቦምቦሊኖ ብታውለው 80 ቦምቦሊኖ። ሁለቱም በ15 ብር ይሸጣሉ። 1,500 ብር እና 1,200 ብር። "በቃ፣ ቦምቦሊኖ አያዋጣም" ብላ ልትተወው ነው።

አትተወው። በመሐል ያሉትን ሞክራ ትጻፍ፦

80 ሳምቡሳና 30 ቦምቦሊኖ፦ 1,650 ብር
50 ሳምቡሳና 55 ቦምቦሊኖ፦ 1,575 ብር

ለምን እንዲህ ሆነ? የመጀመሪያዎቹ 30 ቦምቦሊኖዎች የሚሠሩት በረፍት ጊዜ ነው፤ የሳምቡሳው ሊጥ እስኪያርፍ፣ ዘይቱም አንዴ ስለጋለ። ስለዚህ 20 ሳምቡሳ ብቻ ነው የሚያስቀሩት። ቀጣዮቹ 25 ግን 30 ሳምቡሳ ያስቀራሉ። የመጨረሻዎቹ 25 ደግሞ ሳምቡሳ በመጠቅለል የሚስተካከላት የሌላትን ልጅ ከቦታዋ አስነስተው ቦምቦሊኖ ላይ ስለሚያስቀምጧት 50 ሳምቡሳ ይበላሉ። አንድ ሥራ እየገፋችሁ በሄዳችሁ ቁጥር የሚያስተዋችሁ ነገር እየበዛ ይመጣል። ይህንን በሥዕል ብታወጡት ወደ ውጭ የጎበጠ መስመር ይሆናል፤ የማምረት አቅም ወሰን ይባላል። ከመስመሩ ውስጥ ሆናችሁ ከሠራችሁ የሚባክን ነገር አለ። ከመስመሩ ውጭ ያለው ደግሞ አዲስ ምድጃ ወይም ተጨማሪ ሰው ካልመጣ አይደረስበትም።

ደረጃ 5፦ በመጨረሻዋ ጀሪካን አስቡ

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው ይህንን ደረጃ ሳያውቀው ይሠራበታል። እኔ የምለው በሌላውም ነገር ላይ ይሥራበት ነው።

እስከ ቀጣዩ ፈረቃ አሥር ጀሪካን አላችሁ እንበል። የመጀመሪያዋ ለመጠጥ ናት፤ ማንም በምንም ዋጋ አይለውጣትም። ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ ለወጥ ቤት። ከዚያ ለገላ፣ ለዕቃ፣ ለልብስ። አሥረኛዋ በረንዳውን ታጥባለች። ሁሉም 20 ሊትር ናቸው፣ ሁሉም ከአንድ ቧንቧ ተቀዱ። ዋጋቸው ግን አንድ አይደለም።

አሁን ውኃው ሳይመጣ ዋለና ባለጋሪው በር ላይ ቆሞ ጀሪካኗን በ20 ብር ይሸጣል። መጠየቅ ያለበት "ውኃ 20 ብር ያወጣል ወይ?" ተብሎ አይደለም። ውኃማ ሕይወት ነው። ጥያቄው "ይህች የምጨምራት አንዷ ምን ትሠራልኛለች?" የሚለው ነው። ልብስ ልታጥብ ከሆነና ልብሱ እስከ ነገ መቆየት ከቻለ፣ ባለጋሪውን አመስግናችሁ ሸኙት። የሕፃን ዳይፐር የሚተካ ጨርቅ ከሆነ ግዙ። ውሳኔ የሚወሰነው ሁልጊዜ በዳሯ፣ በመጨረሻዋ አንድ ላይ ነው። ውኃ ከሁሉ ነገር በላይ እየጠቀመ ርካሽ ሆኖ፣ ወርቅ ያለ ብዙ ጥቅም ውድ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ወርቁ ትንሽ ስለሆነ የመጨረሻዋም ግራም ውድ ናት። ውኃው ብዙ ሲሆን የመጨረሻዋ ጀሪካን በረንዳ ላይ ትደፋለች።

በንግድም ያው ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ገበያው ቀዝቅዟል። ሌላ ሃያ ሳምቡሳ ልጥበስ? የቀኑን ጠቅላላ ትርፍ አትመልከቱ። ለሃያዎቹ የሚወጣውን ዘይትና ከሰል፣ ከሃያዎቹም ስንቱ ዛሬ እንደሚሸጥ ብቻ አስሉ።

ደረጃ 6፦ የወጣውን ብር ከሒሳቡ አውጡት

አጭር ነው፣ ግን ለብዙ ሰው ከባድ ነው። ያለፈ ወጪ ከነገ ውሳኔ ውስጥ አይገባም። የጁስ ማሽን በብዙ ብር ገዝታችሁ ሥራው አልሄደም እንበል። "ይህን ያህል አውጥቼበት እንዴት እተወዋለሁ?" ያሰኛል። ብሩ ብትቀጥሉም ብትተዉም አይመለስም። የሚመለሰው ማሽኑ ዛሬ ቢሸጥ የሚያወጣው ብቻ ነው፤ እሱን በቀኝ ገጽ ጻፉት። አባቶች "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ" ያሉት ሁለቱንም ይዟል፦ ከመግዛት በፊት ይመጥኑ፣ ከገዙ በኋላ ግን አያልቅሱ።

ደረጃ 7፦ ዋጋ የሚነግራችሁን ስሙ

አንድ ቀን ጠዋት፣ ደግሞ በዚያው ቀን ወደ ማታ ከፊራ ሂዱ። አንድ ዓይነት ዕቃ ብቻ ተከታተሉ፤ ቲማቲም ይሁን።

"አዴ፣ መደቡ ስንት ነው?"

ጠዋት የምትሰሙት ዋጋ አለ። መደቡ የተደረደረው ከላይ ደህና ደህናው ተደርጎ ነው፤ ሻጯም ለመደራደር ብዙም አትቸኩልም። ቀኑ ገና ነው፣ ሌላ ገዢ ይመጣል። ወደ ማታ ስትመለሱ እሷው ትጠራችኋለች። "ነይ እናቴ፣ ሁለቱን መደብ በአንድ ውሰጂው!" ቲማቲሙ ተለሳልሷል፣ ሙቀቱ ደግሞ ለነገ አያሳድረውም፤ ይዛው ብታድር ዋጋው ዜሮ ነው። ለዚያች ሴት በዚያ ሰዓት የተተወው አማራጭ መጣል ነው። ከዜሮ በላይ የሆነ ሁሉ ያዋጣታል። ጫትም ከአወዳይ ትኩስ ሲገባ የሚጠራው ዋጋ ሲመሽ እንዲሁ ይወርዳል። ጤፍና ዱቄት ግን ማታ አይረክሱም፤ ነገም ያው ናቸውና። ስለዚህ ለዛሬ የሚበስል አትክልት ማታ ይገዛ፤ ለሳምንት የሚቀመጥ ግን ጠዋት ይመረጥ። ይህችን ብቻ ብትይዙ የወሩ የአትክልት ወጪያችሁ ላይ ለውጥ ታያላችሁ።

ዋጋ ሲጨምር ሻጩን ከመስደባችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ፈላጊው በዛ ወይስ የሚመጣው አነሰ? ረመዳን ሲገባ ተምርና ምስር የሚወደዱት ፈላጊው ስለሚበዛ ነው። ይህ ቀኑ የሚታወቅ ስለሆነ ምስሩን ከወር በፊት መግዛት ይቻላል፤ ተምሩንም እንዲሁ። መንገድ ተዘግቶ ከኮምቦልቻ ድንች ሳይመጣ ሲቀር ግን የተነካው አቅርቦቱ ነው። ጥቂት ቀን ታግሣችሁ በሌላ ነገር ብትተኩት ይሻላል። (ወሎ ያለውን ኮምቦልቻ ሳይሆን የራሳችንን፣ የሐረርጌውን ማለቴ ነው።) ሦስተኛ ምክንያትም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ዋጋ ለገበያ ለቀቀው። ብሩም በዶላር ሲመነዘር ወዲያው ወረደ። ከጅቡቲ በኩል የሚገባ ዘይት፣ ሩዝና ፓስታ የሚገዛው በዶላር ነው። እንዲህ ያለው ጭማሪ ታግሠው የሚያሳልፉት አይደለም፤ በጀቱን ራሱን መከለስ ይጠይቃል።

ዋጋ በሌለበት ምን እንደሚሆንም እናውቃለን። ለሐረር ከተማ ውኃ ይሰጥ የነበረው ሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። ከኮረብታው የሚወርደው ደለል ሞላው፣ ዙሪያውን ያለው ፓምፕም ለጫትና ለአትክልት መስኖ ሳበው። ፓምፕ የሚያስነሳ ሰው የሚከፍለው የነዳጁን ነው፤ የውኃውን ዋጋ የጠየቀው የለም። እያንዳንዱ ለራሱ በትክክል አሰላ፤ ሐይቁ ግን አለቀ። ሐረር በኋላ በድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ ውኃ በፓምፕ ተገፍቶ ዳገቱን እንዲወጣ መክፈል ግድ ሆነባት። ሐይቁ ባለፉት ዓመታት ውኃ መልሶ መያዙ ትልቅ ደስታ ነው። እንዳይደገም የሚያደርገው ግን ስምምነት ነው፣ ዝናብ ብቻ አይበቃም።

በግቢያችሁም ትንሽ ሐረማያ ሊኖር ይችላል። አንድ የውኃ ቆጣሪ ለአምስት ተከራይ፣ ሒሳቡም እኩል ለአምስት። አንዱ አንድ ጀሪካን ቢጨምር የሚከፍለው የዋጋውን አንድ አምስተኛ ነው። የቀረውን ጎረቤት ይከፍልለታል። ስለዚህ ሁሉም ያፈስሳል፣ በወሩ መጨረሻ ሁሉም ይጣላል። መፍትሔው ቧንቧው ጎን ወረቀት ለጥፎ እያንዳንዱ የቀዳውን ጀሪካን በጭረት እንዲያስቀምጥና ሒሳቡ በጭረቱ እንዲከፈል መስማማት ነው። አስቀያሚ ይመስላል፤ ጎረቤትን ከጎረቤት ግን ያስታርቃል።

ደረጃ 8፦ ሥራን በሚተወው ነገር አከፋፍሉ

ሐረር ጁገል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ላይ ልብስ ሰፊዎች ማሽናቸውን ደርድረው ተቀምጠዋል። ጨርቁን የሚሸጠው ሌላ፣ የሚሰፋው ሌላ ነው። እንደዚህ ሥራን ከፋፍሎ በአንዱ መሠልጠን ምርትን ያበዛል። ይህን ማንም ያምናል። የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነው፦ በሁሉም የምትበልጥ ሰው እንኳ ሁሉንም ብትሠራ ትጎዳለች።

ሁለት እህትማማቾች አሉ። ታላቋ በሰዓት 40 ሳምቡሳ ትጠቀልላለች ወይም ከቦኖ 4 ጀሪካን ውኃ ታመጣለች። ታናሿ 15 ሳምቡሳ ወይም 3 ጀሪካን። በሁለቱም ታላቋ ትበልጣለች። ለቤቱ 6 ጀሪካን ያስፈልጋል፣ ሁለቱም ሁለት ሁለት ሰዓት አላቸው።

ውኃውን ሦስት ሦስት ቢካፈሉ ታላቋ 45 ደቂቃ ትሄዳለች፣ በቀረው 50 ሳምቡሳ ትጠቀልላለች። ታናሿ አንድ ሰዓት ትሄዳለች፣ 15 ትጠቀልላለች። ድምሩ 65 ነው። አሁን ታናሿ ስድስቱንም ታምጣ፣ ታላቋ ከሊጡ አትነሣ። 6 ጀሪካንና 80 ሳምቡሳ! 15 ሳምቡሳ ከየትም አልመጣም፤ ከአከፋፈሉ ነው የመጣው። ለታላቋ አንድ ጀሪካን 10 ሳምቡሳ ያስተዋታል፤ ለታናሿ 5 ብቻ። እ.ኤ.አ. በ1817 ዴቪድ ሪካርዶ አገሮች ለምን እንደሚነግዱ ያስረዳው በዚሁ ስሌት ነው። አንጻራዊ ብልጫ ይባላል።

ነገር ግን ከትርፉ ለታናሿም ድርሻ ይቆረጥላት። ስሌቱ ኬኩ እንደሚያድግ ይነግራል እንጂ ማን እንደሚቆርሰው አይነግርም። ምን ይመረት፣ እንዴት ይመረት፣ ለማን ይድረስ ከሚሉት ከሦስቱ የኢኮኖሚክስ ጥያቄዎች የመጨረሻውን ቤት ውስጥ የሚመልሰው ኅሊና ነው።

ደረጃ 9፦ ዕቁቡን በቀኑ አስሉት

አሥር ሰው፣ በሳምንት 1,000 ብር፣ አሥር ሳምንት። ሁሉም 10,000 ከፍሎ 10,000 ይወስዳል። እኩል ይመስላል፣ አይደለም። መጀመሪያ የደረሰው ያለ ወለድ ብድር አገኘ። መጨረሻ የደረሰው ያለ ወለድ አበደረ፤ ዋጋ በሚጨምርበት ጊዜ ደግሞ 10,000ው የሚገዛው ዕቃ ከመጀመሪያው ያነሰ ነው። ስለዚህ ገንዘቡን ለዕቃ መግዣ የምትፈልጉ ከሆነ ቶሎ የሚደርስ ዕጣ ከሌላው ላይ ለመግዛት ምን ያህል እንደምትጨምሩ ቀድማችሁ ወስኑ። ጭማሪው ዕቃው እስከዚያ ከሚወደድበት ካነሰ ያዋጣል። ገንዘብ እጃችሁ ላይ የማይቀመጥ ከሆነ ግን የመጨረሻውም ዕጣ ጥሩ ነው። ለእኔ የዕቁብ ትልቁ ጥቅም ሰው እንዲቆጥብ ማስገደዱ ነው፤ ባንክ ያንን አያደርግም።

ደረጃ 10፦ እሁድ ማታ ገጹን ዝጉ

ሳምንቱ ሲያልቅ ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አንብቡ። በቀኝ ያለው በግራ ካለው የበለጠባቸውን መስመሮች አክብቡ። ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ናቸው። በሚቀጥለው ሳምንት አንዱን ብቻ ቀይሩ፤ ሁሉን በአንድ ጊዜ የሚቀይር ሰው የትኛው እንደጠቀመው አያውቅም። የኮንትራት ባጃጅ ትታችሁ በታክሲ ከሄዳችሁ፣ የተረፈውን ብርና የጨመረውን ደቂቃ ሁለቱንም ጻፉ።

ጥቂት ነገሮችን ግን ወደዚህ ገጽ አታምጡ። የመድኃኒት፣ የቤት ኪራይና የዕድር ክፍያ ከምርጫው በፊት ተነሥተው ይቀመጡ። ለተቸገረ ጎረቤት የሚሰጠውም እንዲሁ። የሚመረጠው ከዚያ በቀረው ላይ ነው፤ ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ደረጃ 1ን ስትጀምሩ በብሩ መስመር ላይ የምትጽፉት ይህንን የቀረውን ቁጥር ይሁን።